በደበላ ደጃፍ የቆመው ጥሩምባ

ኮልፌ ውስጥ ተክለማርያምን የማያውቅ አልነበረም፤ ሲያየው ደስ የሚለው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ተክለማርያም የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ማለዳ ከአጠና ተራ በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ቆሞ ያንን ረጅም የቆርቆሮ ጥሩምባ ሲነፋ ሰፈርተኛው ሁሉ ከመኝታው ቀና ብሎ ትንፋሹን ይይዛል። «እድርተኛ! ስማ!» ይላል ተክለማርያም። ስሙ እስኪጠራ ድረስ ሁሉም በልቡ የየራሱን በሽተኛ፣ የየራሱን ሽማግሌ ያስባል። የተጠራው ስም የሌላ ሰው ሲሆን እፎይ ይላል። ወዲያው ደግሞ እፎይ በማለቱ ያፍራል። ቀን ተክለማርያምን መንገድ ላይ ሲያገኘው ያቺ እፍረት ትመጣበትና ዓይኑን ያሸሻል።

ተክለማርያም ይህን ስለሚያውቅ ለራሱ አንድ ልማድ አበጅቶ ነበር። ለጨውም ሆነ ለክብሪት ጎረቤት ሲሄድ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ «በደህና ነው! በደህና ነው!» ብሎ ይጮኻል። አንድ ቀን ረስቶት ዝም ብሎ ቢያንኳኳ፣ የቤቱ እመቤት በሩን የከፈተችው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንባዋን አዘጋጅታ ነው። እርሱ የመጣው መጥረቢያ ሊዋስ ነበር።

ጥሩምባውን የያዘው ፈልጎ አይደለም። ከሰላሌ በወጣትነቱ መጥቶ አጠና ተራ ውስጥ የባሕር ዛፍ ልጣጭ ሲልጥ ሲኖር የቀድሞው ጥሩምባ ነፊ ሞቱ። ያን ማለዳ ሽማግሌዎቹ በሟቹ ግቢ ተሰብስበው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥሩምባ ያያሉ፤ የጥሩምባ ነፊውን ሞት ማን ይንፋው? እርስ በርስ ተያዩ። ተክለማርያም የዚያን ጊዜ አጥር ሥር ቆሞ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ገባና አወረደው። መጀመሪያ ሲነፋው እንደ ጥጃ ጮኸ። ሁለተኛው ግን ከዘነበወርቅ ማዶ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ቀን አጠና ይልጣል፤ ሞት ሲመጣ ይነፋል።

የሥራው ደንብም ቀላል ነው። ሰው ሲሞት ይጠሩታል። ሟቹ ቤት ይሄድና ጥሩምባውን ከበሩ ውጭ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ባዶ እጁን ይገባና የሟቹን ሙሉ ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ጠይቆ ይወጣል። ጥሩምባ ለቅሶ ቤት ውስጥ አይገባም፤ ነውር ነው። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሰው ገና ሳይነፋ ነገሩን ያውቃል፤ ጥሩምባው የቆመበት ደጅ ሞት የገባበት ደጅ ነው።

እንግዲህ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ገደማ ደበላ ያቺን ማሽን አመጣ።

ደበላ የአምቦ ልጅ ነው። ብዙ ዓመት ከተማ ውስጥ አንድ የውጭ አገር ሰዎች ክበብ ውስጥ ወጥ ቤት ሆኖ ሠርቷል። ክበቡ ሲዘጋ ሠራተኞቹ ዕቃውን ሲከፋፈሉ አንዱ ሰሐን፣ ሌላው ወንበር ያዘ። ማንም ያልፈለጋት አንዲት ረጅም ጥቁር ሣጥን ቀረች። ደበላ እሷን በአጠና መኪና አስጭኖ ኮልፌ ወደሚገኘው ሻይ ቤቱ አመጣት። ሰው የልብስ ቁም ሣጥን መስሎት፣ «ደበላ ምን ልብስ ኖሮት ነው?» አለ።

ሣጥኗ ግን መስታወት ነበራት። ሶኬቷ ሲሰካ መስታወቱ ውስጥ ጥቁር ሰማይ ተከፈተ። የሰፈሩ ሰው ቴሌቪዥን ያየው በቀበሌ አዳራሽ ነው፤ እርሱም ጥቁርና ነጭ። እዚህ ግን ከዋክብቱ ቢጫና ሰማያዊ ሆነው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከታች ተጫዋቹ በመሪ የሚነዳት አንዲት ትንሽ ነጭ መንኮራኩር ጭራዋ በእሳት እየነደደ ትንሳፈፋለች። ከላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ጥንዚዛ የሚመስሉ መርከቦች በሰልፍ ይመጣሉ። ስትመታቸው ይፈነዱና እንደ አበባ ቅጠል ይበተናሉ፤ የፍንዳታው ብርሃን በሻይ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ይታያል። የመጀመሪያውን ቀን ሰው ሻዩን ረስቶ አቀዘቀዘው።

ማሽኗ ታምር ብትሆንም ክፉ ነበረች። ለተጫዋች ሦስት ነፍስ ትሰጠዋለች፤ ሦስቱንም ሳይጠግባቸው ትወስድበታለች። አንዱን ጥንዚዛ ስታሳድድ ሌላው ከጎንህ ይተኩስብሃል። ከጥንዚዛዎቹ በኋላ እንደ ንብ መንጋ እየተሽከረከሩ የሚወርዱ ቀያዮች አሉ። ከእነርሱም የተረፈ ደግሞ መስታወቱን ግማሽ የምትሸፍን፣ ዘውድ የመሰለ ነገር አናቷ ላይ ያለባት ትልቅ መርከብ ትመጣበታለች። ሰፈሩ «እቴጌ» አላት። እቴጌን ያለፈ አንድም ሰው አልነበረም። ከእርሷ ወዲያ ምን እንዳለ ደበላም አያውቅም።

ቱሉ የሚባለው የአጠና ጫኝ፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ማሽኗን በጡጫ ሲመታት ደበላ ከምድጃው ይጮኻል።

«አጠና አይደለችም እኮ! ቀስ!»

«ሰረቀችኝ!»

«ምንህን ነው የምትሰርቅህ? ነፍስህን?»

«አዎና! ሦስቱንም!»

አንድ ቀን የቀበሌው ሹም ሳይቀር መጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ጠየቁ።

«ጓድ ደበላ፣ ይቺ ከታች ያለችው የማን ናት?»

ደበላ ብርጭቆውን እየወለወለ ምንም ሳያስብ መለሰ። «የእኛ ናት ጓድ፤ ሶሻሊስት ናት። ከላይ የሚመጡት ኢምፔሪያሊስቶች ናቸው።»

«ይቺ ዘውድ ያላትስ?»

«አድኃሪ።»

ሹሙ ራሳቸውን ነቀነቁና ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በማሽኗ ላይ ጥያቄ ያነሳ ሹም የለም።

ተክለማርያም ወደዚያ ሻይ ቤት እምብዛም አይሄድም ነበር። እርሱ ሲገባ ጨዋታ ይቋረጣል፤ ሁሉም ፊቱን አይቶ «በደህና ነው?» ይላል፤ እርሱም «በደህና ነው» ይላል፤ ከዚያ ዝምታው ይቀጥላል። ሻዩን ሳይጨርስ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ ግን ዝናብ አስገደደውና ገባ። ማሽኗ ፊት ሰው አልነበረም። ደበላ ዝምታው ስለከበደው ይሁን ስላዘነለት፣ «ተክሌ፣ ሞክራት እስቲ» አለው።

ሞከራት። ወዲያው ሞተ። ደግሞ ሞከራት፤ ደግሞ ሞተ። ነገር ግን አንድ ነገር ተገነዘበ። ማሽኗ ፊት የቆመ ሰው ፊቱ ወደ መስታወቱ፣ ጀርባው ወደ ሰው ነው። ፊቱን የሚያይ የለም። ከኋላው ወሬው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ሳቁ ተመለሰ። በኋላም ቱሉ እርጥብ ጆንያ ተከናንቦ ገባና መስታወቱን በትከሻው ላይ አሻግሮ እያየ ጮኸበት።

«ጋሽ ተክሌ፣ በግራዎ! በግራዎ መጣልዎት! በሉት!»

ተክለማርያም በዚያ ሰፈር ሲኖር እንዲህ በደስታ የጮኸበት ሰው አልነበረም። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አስካለማርያም ፊቱን አየችና፣ «ምን አግኝተህ ነው?» አለችው።

«ሞቼ ነው የመጣሁት» አላት። «ብዙ ጊዜ።»

ከዚያ በኋላ አጠናውን ሲጨርስ ወደ ደበላ መሄድ ልማዱ ሆነ። ጎበዝ ሆነ ማለት አይደለም፤ ቱሉ ይበልጠው ነበር። ግን አይቸኩልም። ሁሉንም ልምታ አይልም፤ የመጡትን ያሳልፋል፣ ቀዳዳ ይፈልጋል። እቴጌ ፊት ሁለት ጊዜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ወደቀ። አስካለ፣ ከአጠናው ልጣጭ ሽታ ሌላ የደበላ ሻይ ቤት የቀረፋ ሽታ ይዞ መምጣት ጀመረ ብላ በጎረቤቶቿ ዘንድ ታሾፍበት ነበር።

ነገሩ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ጉልላት ጆሮ ደረሰ። አቶ ጉልላት በጃንሆይ ዘመን ወታደር የነበሩ፣ ኋላ አጠና የነገዱ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ተክለማርያምን አስጠርተው ደጃቸው ላይ አቆሙት።

«ተክሌ፣ ሞታችንን የሚለፍፍ ሰው ከጎረምሳ ጋር ተጋፍቶ ሰማይ ላይ ሲተኩስ ይዋል?»

«ጥፋት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ። ሥራዬን ግን አላጓደልኩም።»

«አላጓደልክም። አንድ ቀን ግን ታጓድላለህ። ጨዋታ ጆሮ ይደፍናል።» ጢማቸውን ዳሰሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጨርሶ ሊከለክሉት አልፈለጉም። «አንድ ነገር እነግርሃለሁ። ያንን ጥሩምባ ይዘህ እዚያ ቤት ከገባህ፣ ያን ዕለት ለእድሩ ታስረክባለህ። ሌላ ነፊ እንፈልጋለን።»

«ይዤ አልገባም» አለ ተክለማርያም።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ልቡ ከብዶት ነበር። ሰው ጥሩምባውን እንደሚፈራው ያውቃል፤ እርሱ ግን ይወደዋል። ሰላሌን ትቶ ከመጣ ወዲህ ይህ ሰፈር የእኔ ነህ ያለው በዚያ ጥሩምባ ነው። ስንቱን ሽማግሌ፣ ስንቷን እናት ስሟን አስተካክሎ፣ ማዕረጓን ሳያጎድል ጠርቶ ሸኝቷታል። ያንን ቢነጥቁት አጠና ላጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ማሽኗንም ቢነጥቁት ደግሞ ያ «በሉት!» የሚለው ድምፅ ይቀርበታል። ሁለቱንም ፈለገ። ለሁለቱም የሚበቃ መንገድ በዳኛው ቃል ውስጥ ስላገኘ ቃሉን አጥብቆ ያዘ፤ ጥሩምባ ይዞ አይገባም።

ጥር ላይ የጥሩምባው አፍ ተጣመመ። ተክለማርያም ኮልፌ ገበያ አጠገብ ካለው ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ወስዶ አስቀና። ሲመለስ ደበላ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ እጁን አወዛወዘለት። ማሽኗ አይጥ ሽቦዋን በልታባት ሁለት ሳምንት ሙሉ ጨልማ ከርማ ነበር።

«ተክሌ! ተነሳች እኮ! ና፣ ሁሉም ገበያ ነው፤ ብቻዋን ናት!»

ተክለማርያም ቆመ። ጥሩምባውን አየ። ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ አድርሶ እስኪመለስ ሻይ ቤቱ ይሞላል። የዳኛውን ቃል አስታወሰ፤ «ይዘህ ከገባህ» ነው ያሉት። እንግዲያው ይዞ ካልገባስ? ጥሩምባውን ከበሩ ውጭ ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመና ባዶ እጁን ገባ። በዚህም በልቡ በጣም ረካ። እጁ ለዓመታት የለመደችውን እንዳደረገች፣ ያንን ጥሩምባ እንደዚያ አድርጎ የሚያቆመው የት የት ቤት ደጃፍ እንደሆነ ትዝ አላለውም።

ደበላ ማሽኗን ከፈተለትና ባልዲ አንጠልጥሎ በጓሮ በር ወደ ቦኖው ውሃ ሊቀዳ ወጣ። ሚስቱ ጉዲቱ እናቷን ልትጠይቅ አምቦ ሄዳ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ተክለማርያም ብቻውን ቀረ።

የአቶ ጉልላት ባለቤት እትዬ እሙ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ይዘው በዚያ ሲያልፉ ጥሩምባውን አዩት። ቆሙ። ጥሩምባውን አዩ፤ በሩን አዩ። ደበላ ከሰሞኑ ክፉኛ ሲስል ሰምተውት ነበር።

«ያ ሳል!» አሉ። «ወየው! ወየው ደበላ! ወየው የእኔ ደግ!»

ያቺ ጩኸት ከአጥር አጥር ዘለለች። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ። አንዷ ለእንግዳ ያስቀመጠችውን ድፎ ዳቦ ተሸክማ መጣች። ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ከመጋዘን አውጥተው፣ ቱሉ ምሰሶውን በትከሻው ተሸክሞ ከፊት እየሮጠ ደረሱ። አቶ ጉልላት ከምሳቸው ተነስተው ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ። «ለጉዲቱ ማን ይንገራት? አምቦ ማን ይሂድ?» እየተባለ ደጃፉ በለቅሶ ተናጠ።

ተክለማርያም ይህን ሁሉ አልሰማም። ጥንዚዛዎቹን አልፏል፤ የቀያዮቹን መንጋ አልፏል። እቴጌ ከነዘውዷ ወርዳ መስታወቱን ሞልታዋለች፤ እሳቷ ግራና ቀኝ ይዘንባል። እርሱ ግን በእሳቱ መካከል ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ አግኝቶ እየተኮሰ ነው። ዘውዱ ተሰበረ። ክንፏ ተቀደደ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት አልታየም። የቀረችው አንዲት ነፍስ ናት፤ ለእቴጌም የቀራት ጥቂት ነው።

በዚያ ፍንዳታ መካከል ከውጭ ዋይታ ገባ።

እጁ ራሱ ከመሪው ላይ ተነሳ። አላሰበም። የሴት ዋይታ ሲሰማ የሚነሳ፣ ጥሩምባውን የሚፈልግ እጅ ነው ያለው። ከኋላው ትንሿ መንኮራኩር በእሳት ተመትታ ስትበተን ዞር ብሎ አላያትም። በሩን ከፍቶ ወጣ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ድንኳን እየተተከለ ነው።

«ማን ነው?» አለ።

ሰፈሩ ሁሉ ዘወትር እርሱን የሚጠይቀውን ጥያቄ ነበር የጠየቀው። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እኛን ትጠይቀናለህ?» አሉ እትዬ እሙ እንባቸውን እየጠረጉ። «ነጋሪው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ምኑን?»

«የደበላን ነዋ!»

በዚህ ጊዜ ደበላ ውሃውን ቀድቶ በሰዎቹ ኋላ ደርሶ ነበር። ሰው ሲያለቅስ ስላየ ባልዲውን በቀስታ አስቀመጠና አጠገቡ ያሉትን አሮጊት ዝቅ ብሎ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ማን ነው ያረፈው?»

አሮጊቷ ፊታቸውን በነጠላቸው እንደሸፈኑ፣ «ደበላ ነው ልጄ። ደጉ ደበላ» አሉት።

«የቱ ደበላ?»

«ባለሻዩ ነዋ! እንደ እርሱ ያለ ሻይ እንግዲህ የት ይገኛል?» አሉና ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ጩኸታቸው ከእትዬ እሙ ጩኸት በለጠ። ቱሉ የድንኳኑን ምሰሶ ጥሎ፣ «ሬሳው ውሃ ቀድቶ መጣ!» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሳቅ ከዚህም ከዚያም ፈነዳ፤ አቶ ጉልላት ግን አልሳቁም። ጥሩምባውን አዩ፤ ከበሩ ውስጥ የሚመጣውን የማሽኗን ብርሃን አዩ።

«ተክለማርያም» አሉ።

ተክለማርያም ሄዶ ጥሩምባውን አነሳና በሁለት እጁ አቀረበላቸው። «ይዤ አልገባሁም ጌታዬ። ግን ያቆምኩበትን አላሰብኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጥሩምባውን ተቀበሉት። ተክለማርያም እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አጣ።

መጀመሪያ የተናገረው ደበላ ነበር። «ጋሽ ጉልላት፣ የሞትኩት እኔ አይደለሁ? እኔ ልናገር» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እዚህ ሰፈር ስመጣ ዘመድ አልነበረኝም። ብሞት ማን ያለቅስልኛል እያልኩ ስንት ቀን ከጉዲቱ ጋር አውርተናል። ይኸው ዛሬ አየሁ። እማማ ሲያለቅሱልኝ አየሁ። ዳቦ መጣልኝ፤ ድንኳን ተተከለልኝ። ይህን ያሳየኝን ሰው ይቅጡት አልልም።»

«እርሱ ሌላ ነው» አሉ አቶ ጉልላት። «ጨዋታ ጆሮ ይደፍናል ብዬው ነበር።»

ቱሉ ከመሬት ተነሳ። በሩ አጠገብ ስለነበር ተክለማርያም ሲወጣ በተከፈተው በር መስታወቱን አይቶ ነበር። «አልደፈነውም ጋሽዬ» አለ። «እቴጌን ገንጥለዋት፣ አንድ ጥይት ቀርቷት ነበር። እኔ ብሆን እናቴ ብትጠራኝም አልሰማም፤ ይቅር ይበለኝ። ጋሽ ተክሌ ግን ዋይታውን ሲሰሙ ጥለዋት ወጡ። ዞረው እንኳ አላዩዋትም።»

አቶ ጉልላት ወደ ተክለማርያም ዞሩ። «እውነት ነው?»

«ዋይታ ነው የሰማሁት ጌታዬ» አለ ተክለማርያም።

«ደግሞስ» አሉ ዳኛው ወደ ሴቶቹ ዞር ብለው፣ «እርሱ መች ነፋ? ሳይነፋ የለፈፈው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እትዬ እሙ አየ። እትዬ እሙ ስኳራቸውን ከነጠላቸው ሥር ደበቁት። «እንዴ ጉልላት! ጥሩምባ ቆሞ አይቼ ዝም ልበል?»

እዚያ ላይ አቶ ጉልላትም ሳቁ። ጥሩምባውን ለተክለማርያም መልሰው ሰጡትና ፍርዳቸውን ቆመው ተናገሩ፦ ጥሩምባው ሰው በሞተበት ደጅ ካልሆነ በቀር ከእንግዲህ ውጭ አይቆምም፤ ደበላ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር ይምታ፤ ተክሌ ሊጫወት ሲመጣ እዚያ ይስቀለው። ለቅሶ ቤት ጥሩምባ ስለማይገባ፣ ጥሩምባ የገባበት ቤት ደህና ነው ማለት ነው።

ለለቅሶ የመጣ ዳቦ ወደ ቤት አይመለስምና ድፎው እዚያው ተቆረሰ። ድንኳኑም ተተክሎ ስለነበር ሰው ገብቶ ተቀመጠ፤ ደበላ ለራሱ ለቀስተኞች ሻይ አፈላ። አስካለማርያም ዘግይታ ሮጣ ስትደርስ ባሏ በዳኛውና በሟቹ መካከል ተቀምጦ ዳቦ ሲበላ አገኘችው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ የሚያልፉ ሴቶች አንገታቸውን ወደ ሻይ ቤቱ ብቅ እያደረጉ ሚስማሩን ያያሉ። ጥሩምባው ተሰቅሎ ካዩ «ተመስገን፣ ዛሬ ሰላም ነው» ብለው ይሄዳሉ። ተክለማርያምም ሲገባ ወሬ አይቋረጥም፤ አንድ ሰው ጥሩምባውን ተቀብሎ ይሰቅልለታል።

እቴጌን መጀመሪያ ያለፋት ቱሉ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ። ሰው ሁሉ ወንበሩን ጥሎ ተነሳ። ተክለማርያም ከኋላ ነበርና ሊያይ አልቻለም።

«ምን አለ ቱሉ? ከእርሷ ወዲያ ምን አለ?»

ቱሉ ላቡን ጠረገ። «እነዚያው ጥንዚዛዎች ናቸው ጋሽ ተክሌ» አለ። «ግን ከበፊቱ ይፈጥናሉ!»

ተክለማርያም እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሻዩን ለደበላ አቀበለና ተራውን ሊይዝ ወደ ማሽኗ ተጠጋ።